ሰርቪስ ቤት ለማከራየት ላሰባችሁ

ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ። ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ሁለቱንም አከራያለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወሩን አብዛኛውን ጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ የተከራይ ጉዳይ የኔ ነው። ተከራዮቼ «ማዘር» ይሉኛል፤ ገና ሃምሳ ባልሞላኝ ጊዜም ይሉኝ ነበር፣ ለምጄዋለሁ። አሁን ጎረቤቶቼም ከጀርባቸው አንድ አንድ ክፍል እየሰሩ ነው። ቡና ላይ ሲጠይቁኝ የምመልስላቸውን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ከሁሉ በፊት የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ሰው ክፍል ለማየት ሲመጣ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ግድግዳውን ያያል፣ መስኮቱን ከፍቶ ይዘጋል፣ ዋጋ ይጠይቃል። አከራይና ተከራይ የሚጣሉት ግን በክፍሉ አይደለም። በጊቢው በር ነው። በውሃ፣ በመብራት፣ በሽንት ቤት፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ነው። አብራችሁ የምትጠቀሙበት ነገር ሁሉ ሰው ከመግባቱ በፊት መወሰን አለበት። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይቀላል።

ማን ሊከራያችሁ ይችላል?

ይህን የሚወስነው ሰፈራችሁ ነው። እኛ ጋ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መነሻ አለ። ስለዚህ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ የሚሰራ ሰው ማታ አዲስ አበባ ማደር ከፈለገ እዚህ ይፈልጋል። በቂሊንጦ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርኩ አሉ። ከዚያ የሚመጡት የፈረቃ ሰራተኞች፣ ላብራቶሪ ቴክኒሻኖች፣ ጥበቃዎች ናቸው። ቦሌ ለሚ አካባቢ ከሆናችሁ የልብስ ፋብሪካ ሰራተኛ የሆኑ ሴቶች ልጆች ሁለትም ሶስትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። አያት በኩል ከሆነ ባንክና መስሪያ ቤት የሚውል ሰው ይበዛል።

ይሄንን ማወቅ ለወሬ አይደለም። የፈረቃ ሰራተኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓትም ይገባል፣ ከንጋቱ 11 ሰዓትም ይወጣል። «በሬ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል» የምትል ሴትዮ ሰፈራችን ውስጥ ተከራይ አይበረክትላትም። ክፍሏ የኔን ክፍል ታስንቃለች፤ ሴራሚክ ነው፣ ሻወር አለው። ግን በሩ አይከፈትም።

ክፍሉን ማሰናዳት

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ቀለም ቀቡ፤ ነጭ ወይም ክሬም። ወለሉ ሊሾ ከሆነ የተሰነጠቀውን አስደፍኑ። ኮርኒሱን እዩት፤ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። ቆርቆሮው ላይ የላላ ምስማር ፈልጉ። ይሄንን በግንቦት ጨርሱት። ሐምሌ ከገባ በኋላ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰራተኛ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተገኘም ዋጋው ሌላ ነው። አሸንዳውንም ጥረጉ።

መስኮት የሌለው ክፍል አታከራዩ። እቃ ማስቀመጫ የነበረን ክፍል አልጋ አስገብቶ «ሰርቪስ» የሚል ሰው አለ። ቢያንስ የሚከፈት መስኮትና ከበሩ በላይ የአየር መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ለምን እንደሆነ ወደ ከሰሉ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መብራት

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ነው የሚከፍለው። አንድ ቆጣሪ ላይ ሁለት ሶስት ቤተሰብ ሲሆን ግን ሁላችሁም አንድ ላይ ወደ ላይኛው እርከን ትወጣላችሁ። ለብቻዋ ብትኖር ትንሽ የምትከፍል ልጅ በእናንተ ምጣድ ምክንያት በውድ ዋጋ ትከፍላለች። እናንተም በሷ ምክንያት እንዲሁ። በዚህ ላይ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ስለዚህ «ለመብራት በወር ይህን ያህል ብር» ብላችሁ ቁርጥ አታድርጉ። ወይ እናንተ ትጎዳላችሁ፣ ወይ ተከራዩ ተበላሁ ይላል።

መፍትሄው ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ኤሌክትሪክ እቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ፤ ኤሌክትሪሻን በግማሽ ቀን ይገጥመዋል። ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። በወሩ መጨረሻ ቀን ተከራዩ ባለበት ትንሿን ቆጣሪ አንብቡ፤ ዋናውንም አንብቡ። በወሩ ጠቅላላ 300 ኪሎዋት ሰዓት ሄዶ የሱ ክፍል 60 ከሆነ፣ ድርሻው አንድ አምስተኛ ነው። ያ ወር ስንት ብር ካርድ ተሞላ? ለአምስት ማካፈል ነው። ማንም አይጨቃጨቅም። እኔ ከበሩ ጀርባ ደብተር አንጠልጥዬ ቁጥሩን እዚያ ላይ እንጽፋለን፤ እሱም ይፈርማል፣ እኔም እፈርማለሁ። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል። እኔ ግን ደብተር እወዳለሁ።

የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለው። ካርዱ ያለቀ ቀን ማን ይሞላል? ሌሊት ካለቀስ? የኔ መልስ፦ የምሞላው እኔ ነኝ፤ እንዳያልቅ የምጠብቀውም እኔ ነኝ፤ ድርሻቸውን በወሩ መጨረሻ ይሰጡኛል። ተከራይ በየተራ ይሙላ የሚል ጊቢ አውቃለሁ። ተራው የማን እንደሆነ ለመወሰን ሽማግሌ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም።

ምጣድን ለብቻው ተነጋገሩበት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ነው። ለመብራትና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይሄንን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። አንድ ጎበዝ ወጣት ተከራይ ነበረኝ፤ ሙያው ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ቀን ክፍሉን ሳንኳኳ ለካ ምድጃውን ከአምፖሉ መስመር ጠልፎ ነው የሚያበስለው! «አንተ ልጅ፣ ይሄንን ሌላ ሰው ቢያደርገው ምን ትለዋለህ?» አልኩት። ሳቀ። በማግስቱ ራሱ አዲስ መስመር ዘረጋልኝ፤ እኔ ሽቦውን ገዛሁ። ኤሌክትሪሻኖች ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4 ሚሊ ሽቦ ያደርጋሉ። ለየክፍሉ የራሱ ብሬከር ይኑረው። እንጀራ የሚጋግር ተከራይ ካለ ማዕድ ቤት ውስጥ በተለየ መስመር ላይ፣ በተለየ ቀን ይጋግር። የኔ ሐሙስ ነው፤ የነሱ ቅዳሜ። አብዛኞቹ ወጣቶች ግን ከሱቅ ነው የሚገዙት።

ውሃና ሽንት ቤት

ዳር ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። የፈረቃውን ቀን ለተከራዩ ቁርጡን ንገሩት። «ውሃ አለ» ብላችሁ አስገብታችሁት ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካን ይዞ ቢቆም ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሮቶ ካላችሁ ማን ከምን ያህል ይቀዳል የሚለውን ቁረጡ። የሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ለአምስት ሰው ሳምንት ያደርሳል፤ ለሰው በቀን 50 ሊትር ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ልብስ አጠባ ከገባበት ግን አያደርስም። ስለዚህ እኔ ጋ ልብስ የሚታጠበው ውሃ በመጣበት ቀን፣ ከቧንቧው እንጂ ከሮቶው አይደለም። ይሄ ሕግ ከባድ ይመስላል፤ ተከራዮቼ ግን ራሳቸው ናቸው የሚያስከብሩት። ሐሙስ ማታ ጠብ የሚል ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አይተውታል።

የውሃ ቢሉን በሰው ቁጥር ነው የምናካፍለው። ለውሃ ትንሽ ቆጣሪ ይገጠማል የሚሉም አሉ። እኔ ጋ በሰው መካፈሉ በቂ ነው። ሁለት የሆኑት የሁለት ይከፍላሉ። በቢሉ ላይ የቆሻሻ ክፍያም አብሮ ስለሚመጣ ቆሻሻ በሚወሰድበት ቀን ማዳበሪያውን ማን ያወጣል የሚለውንም አብራችሁ ጨርሱ።

ሽንት ቤት የጋራ ከሆነ የሳምንት ተራ አውጡ። በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ፤ የናንተም ስም ይኑርበት። የባለቤት ስም የሌለበት የጽዳት ተራ አይሰራም፤ ሞክራችሁ እዩት። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ መምጠጫ መኪና መጥራት የባለቤት ወጪ ነው። ይሄንን ተከራይ ላይ መጫን ነውር ይመስለኛል። ግን ታንኩ ውስጥ ጨርቅ፣ ዳይፐርና ሞዴስ እንዳይጣል ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ክዳን ያለው ቅርጫትም አስቀምጡ። ቅርጫት ሳታስቀምጡ «አትጣሉ» ማለት ዋጋ የለውም።

ከሰል

ይሄኛው ላይ ድርድር የለም። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ነሐሴ ላይ፣ ዳር ሰፈር ብርዱ ሌላ ነው። ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያግደው የለም። ተከራይ በከሰል ምድጃ ቡና ያፈላና የቀረውን ፍም «ትንሽ ያሙቀን» ብሎ ወደ ክፍሉ ያስገባል። በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጭስ ባይታይም አለ። ሰውየው ራስ ምታትና ድካም ይሰማዋል፣ እንቅልፍ ይመስለዋል። ከዚያ አይነቃም። በየክረምቱ በዚህ መንገድ የሚሞት ሰው ይሰማል።

ስለዚህ፦ ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ደጅ ይጠፋል። ፍም ወደ ክፍል አይገባም፤ «ደህና ሆኗል፣ ነጭ ሆኗል» ቢባልም አይገባም። ነጭ የሆነው ፍምም ያው ገዳይ ነው። ይሄንን ውሉ ላይ እጽፈዋለሁ፤ በቃልም እናገራለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ማታ ማታ ዞር ብዬ አያለሁ፤ ጨቅጫቃ ቢሉኝም ግድ የለኝም። በርካሽ የሚገዛ ወፍራም ብርድ ልብስም አንድ አንድ እሰጣለሁ። እሱን ሲለቁ ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ይረሱታል።

የጊቢው በርና እንግዳ

ለተከራይ የጊቢውን ቁልፍ ስጡ። በሌሊት የሚገባ ሰው እየቀሰቀሳችሁ መኖር አትችሉም። ቁልፍ ለመስጠት የማታምኑትን ሰው ደግሞ አታስገቡ። እኔ ጋ ያለው ሕግ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የገባ ሰው በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል፤ ውሻውን ያስራል ወይም ይፈታል፤ ከውሻው ጋር መተዋወቅ የመጀመሪያው ሳምንት ስራ ነው።

እንግዳ ጠላት አይደለም። ሰው እህት አለው፣ ጓደኛ አለው። ግን የሚያድር እንግዳ ይነገረኝ፤ ከሶስት ሌሊት በላይ ከሆነም እንነጋገር። ለጥምቀት የመጣ የአክስት ልጅ ፋሲካን እዚሁ ሲውል አይቻለሁ። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ውሃው ግን የሶስት ሰው ሆነ፣ ክፍያው የሁለት። ደባል ማስገባት ከፈለገ ይጠይቀኝ፣ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ። ያኔ ምንም ችግር የለም።

ዋጋ

ዋጋን ከደላላ ብቻ አትስሙ። ደላላ ኮሚሽኑ ከዋጋው ጋር ስለሚያድግ ከፍ ያደርገዋል፤ ክፍሉ ግን ወር ባዶ ይቆያል። በአቅራቢያችሁ ተመሳሳይ ክፍል ያላቸውን ሶስት አራት ሰዎች ጠይቁ። ከዚያ የራሳችሁን መዝኑ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው የግል? ከታክሲ መያዣው በእግር ምን ያህል ነው? ይሄኛውን ንቀው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ከአስፋልት ሩቅ ከሆናችሁ ተከራዩ በየቀኑ የባጃጅ ሂሳብ ያወጣል፤ ከኪራዩ ጋር ደምሮ ነው የሚያስበው። እናንተም ደምሩና አስቡ።

መጀመሪያ ላይ የምትቆርጡት ዋጋ አብሯችሁ ስለሚቆይ በደንብ አስቡበት። ምክንያቱ ሕጉ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ብዙ ልማድ ቀይሯል። ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። የድሮው «የስድስት ወር ቅድሚያ» አልቋል። ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ እኔ ጋ በቴሌብር ነው የሚገባው። ጭማሪም እንደ ድሮው በፈለጋችሁ ወር አይደለም። በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ በሚያሳውቀው መጠን።

ጎረቤቶቼ ይሄንን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። «ቤቱ የኔ፣ ሕጉ የማን?» ትላለች አንዷ። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ለአከራይም ይጠቅማል። ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ክፍሉን እንደራሱ ይይዛል። ገንዘቡ በባንክ ሲሆን «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የለም። የተመዘገበ ውል ያለው አከራይ ነገር ቢመጣ የሚያሳየው ወረቀት አለው። በቃል የገባ ተከራይ ላይ ግን ምን ይዛችሁ ትሟገታላችሁ?

ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳችሁ የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። የቤቱን ካርታ፣ የሁለታችሁንም መታወቂያ ከነኮፒው ይዛችሁ ከተከራዩ ጋር ሂዱ። ፋይዳ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰኞና ከዓርብ ሌላ ቀን ብትሄዱ ሰልፉ ይቀላል፤ ይሄ የኔ ግምት ነው እንጂ የጽሕፈት ቤቱ ቃል አይደለም። ቤታችሁ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ከሆነ ደግሞ በሸገር ከተማ ስር ስለሆናችሁ ወደዚያው አስተዳደር ነው የምትሄዱት። ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች ወሰኑ ከየት ወዴት እንደሆነ ማወቅ አለብን፤ አንዳንዴ መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ሌላ ከተማ ነው።

ግብሩንም አትርሱ። የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል፤ የግብር መክፈያው ጊዜ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ከየወሩ ኪራይ ትንሽ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሐምሌ የክረምት ልብስና የጣሪያ ጥገና የሚጠይቅበት ወር ስለሆነ ከኪስ ማውጣት ይከብዳል።

ተከራይ ማግኘትና ማነጋገር

ጥሩ ተከራይ የሚያመጣው ባለ ሱቁ ነው። ማን ዱቤ እንደሚመልስ ያውቃል፤ ማን ሌሊት እንደሚጮህ ያውቃል። ከሱ ቀጥሎ ነባር ተከራይ። የሚለቅ ሰው የስራ ባልደረባውን ያመጣል፤ ክፍሉንም ሕጉንም እሱ ራሱ ያስረዳልናል። ከሁለቱም ሲጠፋ ወረቀት ጽፎ መለጠፍ፣ ቴሌግራም ላይ ማውጣት። ደላላ የመጨረሻው ነው። አንዴ ደላላ ያመጣውን ሰው ሳነጋግር፣ ሰውየው ከእኔ ይልቅ ደላላውን እያየ ነበር የሚመልሰው። አላከራየሁትም።

ማነጋገር ማለት መርማሪ መሆን አይደለም። ሰውየውን አስቀምጡ፣ ውሃ ወይም ሻይ ስጡት፣ ተጨዋወቱ። የት ነው የምትሰራው? ፈረቃህ እንዴት ነው? ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት? የት ትኖር ነበር፣ ለምን ለቀቅህ? ለመጨረሻው የሚሰጠውን መልስ በደንብ አዳምጡ። «ከስራ ራቀኝ»፣ «ልጅ ተወለደልን፣ ጠበበን» ጤነኛ መልስ ነው። የነበሩት አከራዮች በሙሉ ክፉዎች ከነበሩ ግን ቀጣይዋ ክፉ እኔ ነኝ። ከተቻለ የቀድሞውን አከራይ ስልክ ጠይቁና ደውሉ። የማይሰጥ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለት ነገር አልጠይቅም። ብሔርና ሃይማኖት። «ሀገርህ የት ነው?» ለወሬ ይጠየቃል፣ ለክፍል ግን አይጠየቅም። ከዚህ ከመጣ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ከመጣ አይሆንም የሚል አከራይ ሰፈራችን ውስጥ አለ፤ ኪራይ ሳይከፍል የቀረበት ግን የሱ «ጥሩ» ሰው ነው። ልጅ ያላትን ሴት እምቢ የሚሉም ብዙ ናቸው። እኔ አስገባለሁ። ልጅ ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ አይለቅም፣ ማታም አይዞርም። ጫጫታው ከሆነ የኔም ልጆች አላነሱም።

የናንተንም ጉድ ንገሯቸው። ዶሮ አለን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጮሃል። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ አለ። ጎረቤት ብሎኬት ያመርታል፣ አቧራ አለ። ይሄንን ሰምቶ የገባ ሰው በሳምንቱ አያማርርም።

መታወቂያውን ኮፒ አድርጉና አስቀምጡ። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክም ውሰዱ፤ እናት፣ ወንድም፣ የስራ አለቃ። የታመመ ተከራይ ሌሊት ይዛችሁ የሚደወልለት ስታጡ ያኔ ይገባችኋል። ማን እንደሚኖር ለብሎካችሁ ሰብሳቢም አሳውቁ።

የመግቢያው ቀን

እቃው ከመግባቱ በፊት ክፍሉን አብራችሁ ዙሩ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የላላ ሶኬት፣ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ በፎቶ ይያዝ፤ ፎቶውን ለሱም ላኩለት። ቁልፍ ስንት እንደሰጣችሁ ጻፉ። የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ምስማር መምታት ከፈለገ የት እንደሚመታ አሳዩት። የኔ ግድግዳዎች ላይ ሶስት መስቀያ አለ፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ይጠይቀኛል።

ከገባ በኋላ ክፍሉ የሱ ነው። በሌለበት አትግቡ። ቧንቧ ፈንድቶ ካልሆነ በቀር ደውሉለት። ሱቅ አትላኩት፤ እቃ እንዲሸከምላችሁ፣ ልጅ እንዲያስጠናላችሁ እንደ ግዴታ አትዩት። በራሱ ፈቃድ ቢያደርገው ደስ ይላል፤ ያኔ ደግሞ ምሳ አብሉት። በበዓል ቀን ቡና እጠራቸዋለሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሳህን ሙሉ እልካለሁ፤ ሀገር ቤት ያልሄዱ ካሉ ቁጭ ብለን እንበላለን። ለቅሶ ሲደርስባቸው ሄጄ አብሬ እቀመጣለሁ። ይሄ የውል ነገር አይደለም፤ በአንድ በር የሚወጣና የሚገባ ሰው ግን እንዲሁ ዝም ተባብሎ አይኖርም።

ክፍያ ሲዘገይ

አንዴ ይዘገያል፤ ደመወዝ ቆይቶ ነው። ጠይቁና ቀን ይቁረጥላችሁ። ቀኑን በስልክ መልእክት ይጻፍላችሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ከዘገየ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ክፍያ ዘግይቷል ብላችሁ ግን መብራት አትቁረጡ፣ ቁልፍ አትቀይሩ፣ እቃ አታውጡ። በሕግ ያስጠይቃችኋል፤ በሰውም ዘንድ አያምርም። ውሉን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ፤ የተመዘገበ ውል ለዚህ ነው።

ሲለቅ

በውሉ ላይ ባለው የማሳወቂያ ጊዜ ይንገራችሁ፤ እናንተም እንዲሁ። በመውጫው ቀን የመግቢያውን ፎቶ አውጡና ክፍሉን አብራችሁ ዙሩ። ግድግዳ መቆሸሽ የኑሮ ነው፤ ቀለም የእናንተ ወጪ ነው። የተሰበረ መስታወት ግን የሱ ነው። የመብራትና የውሃ ድርሻውን በዚያው ቀን አስቡ። እናንተ ጋ ያስቀመጠው ገንዘብ ካለ በዚያው ሰዓት በባንክ መልሱለት፤ «ነገ» አትበሉ። ያኔ ነው ባልደረባውን የሚያመጣላችሁ።

ውሉ መቋረጡን ለወረዳው አስታውቁ፤ ካልሆነ የሌለ ተከራይ በስማችሁ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የክፍሉን ቁልፍ ሲሊንደር ቀይሩ። የጊቢውን ቁልፍም ካልመለሰ እሱንም ቀይሩ። ቀለሙ እስኪደርቅ መስኮቱን ክፍት አድርጉ፤ ከዚያ ለባለ ሱቁ ንገሩት።